ሃያ አምስት ቁጥር

ቤቴ መርሳ ነው፣ ዋናው መንገድ ዳር። ከፊት ያሉትን ሁለት ክፍሎች፣ ድሮ ሳሎንና የእንግዳ መኝታ የነበሩትን፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ተከራይቶ ቢሮ አድርጓቸዋል። ድርጅቱ ተፈናቃይ ይመዘግባል፣ ስንዴና ዘይት ያድላል። ዋናው ቢሮ ወልድያ ነው፤ የኔ ሳሎን ቅርንጫፍ ነው። የልጅ ልጄ ሉብና የወልድያው ቢሮ የኔትወርክ ባለሙያ ናት። ቤቴን ያገናኘቻቸውም እሷ ናት፤ «እማ፣ ብቻዎን ከሚሆኑ ሰው ይግባ ሰው ይውጣበት» ብላ።

ድሮ የካዕባ ሥዕል ተሰቅሎበት የነበረው ግድግዳ ላይ አሁን የመስታወት በር ያለው የብረት ሳጥን ተሰቅሏል። ውስጡ ስዊች የሚሉት ጠፍጣፋ ዕቃ አለ። ፊቱ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ሃያ አራት ተደርድረው፣ ከነሱ ፈንጠር ብለው ደግሞ አራት። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ በላይ የምስር ፍሬ የምታህል መብራት አለች። ሃያ አምስት ቁጥር የወልድያ ናት። እሷ ቀዳዳ ውስጥ ጣት የምታህል ብረት ተሰክታለች፣ ሞጁል ይሏታል። ከሞጁሏ ሁለት ቀጫጭን ቢጫ ክሮች ይወጡና ግድግዳውን ቀድደው ይሄዳሉ። ሉብና በዚያ ክር ውስጥ የሚሄደው ብርሃን ነው ትለኛለች። እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርኩ ሰው ነኝ። ብርሃን በክር ውስጥ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይሄዳል ሲሉኝ ሱብሐነላህ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ቤት የምውለው እኔ ነኝና የሳጥኑ ጠባቂ እኔ ሆንኩ። አቧራ እንድጠርግ ትርፍ ቁልፍ ሰጥታኛለች። አንድ ነገር ሲበላሽ ከወልድያ ትደውላለች።

«እማ፣ ሃያ አምስት ቁጥርን ይዩልኝ እስቲ።»

«አየኋት።»

«ምን ዓይነት ናት?»

«አረንጓዴ። ትርገበገባለች።»

«እንግዲያው ሥራ አላት፣ ይተዋት።»

እንዲህ አድርጋ አስተማረችኝ። አረንጓዴ ሆና ከቆመች ወልድያ ያለው ዕቃ ደህና ነው። ከተርገበገበች ወሬ እየሄደ፣ ወሬ እየመጣ ነው። «ከጠፋች ግን አይድከሙ» አለችኝ፣ «የመርሳ መስመር የኔ ነው፤ ከጠፋች እኔው መጣሁ ማለት ነው።» ባለፈው ጥር ሞጁሏ አልሠራ ስትል በስልክ እየመራችኝ ነቅዬ ሰክቻት አውቃለሁ። መጀመሪያ የቢጫውን ክር ምላስ ጫን ብሎ መሳብ ነው። ከዚያ ሞጁሏ ላይ የባልዲ እጀታ የምትመስል ቀጭን ሽቦ አለች፤ እሷን ወደ ታች አጥፎ መጎተት ነው። ያን ቀን ከሠራሁት ሁሉ ያኮራኝ እሱ ነበር። ሉብና በስልኩ ውስጥ ስትስቅ «በሉ ደመወዝ ይጠይቁ» ብላኝ ነበር።

አሁን ያንን ቀን ባላስታውሰው ደስ ይለኛል።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ወልድያ ስትያዝ ሉብና እዚያው ቀረች፣ እኔ እዚህ ቀረሁ። መርሳም ተያዘች። ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ መንገድ የለም። አራት ወር ከቆየ በኋላ ታኅሣሥ ላይ በእግሯ መጥታ በሬ ላይ ቆመች። ከስታ፣ ጠቁራ፣ የማን እንደሆነ በማላውቀው ካፖርት ተጠቅልላ። «ማንን ፈልገሽ ነው?» አልኳት። የገዛ ልጄን። ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳትን። እናቷ ለይላ ሪያድ በሰው ቤት ስትለፋ ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት፤ አደራዋ እኔ ላይ ነው። «ማንን ፈልገሽ ነው» ያልኳት ቃል እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ዘንድሮ ነሐሴ አሥራ ስምንት ተኩሱ እንደገና ጀመረ ተባለ። ሃያ አንድ ቀን የቆቦ ሰው በዋናው መንገድ ይጎርፍ ጀመር። ሃያ ሁለት ቀን፣ እሑድ፣ የወልድያም ሰው ተቀላቀለበት። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው። ባጃጅ ላይ ፍራሽ፣ አይሱዙ ላይ በግና ሰው አንድ ላይ ተጭኖ። በረንዳዬ ላይ ቆሜ የእያንዳንዱን ፊት እያየሁ ዋልኩ። ሁሉ መጣ፣ እሷ የለችም። ስልኩ ሲመጣ ሲሄድ ውሎ አመሻሽ ላይ አገኘኋት።

«ከተማው ወጥቶ አለቀ ይላሉ፣ አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ማን ነው እንዲህ ያለዎት?»

«ሰው ሁሉ።»

«ሰው ሁሉ ወጥቶ ካለቀ የመርሳን ስልክ የሚያነሣው ማን ነው ታዲያ?»

«ቀልጂ። እናትሽ ዛሬ አራት ጊዜ ደወለች። ምን ልበላት?»

«ደህና ናት ይበሏት።»

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ እማ። ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ። ሥራ ይዣለሁ፤ እሱ ሲያልቅ…» አለችና አቆመች።

«ሲያልቅ ምን?»

«ምንም። ሲያልቅ እደውላለሁ።»

ስልኩ ተቆረጠ። ደግሜ ብሞክር «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋ ሴት ብቻ።

ሰኞ ሱብሒ ሰግጄ ተቀመጥኩ። ዱዓ ላደርግ እጄን ዘረጋሁና ያደረግኩት ዱዓ አይደለም፣ ሂሳብ ነው። ጠይቄያታለሁ፣ አልመጣም ብላለች። አለቃዋን ወንዳወቅን በስልክ ብለምነው «የሁሉም እናት እንዲህ ብትለኝ በማን እሠራለሁ?» ብሎኛል። ለምኜ ያልመጣች ልጅ የምትመጣበት አንድ መንገድ አለ። ራሷ ነግራኛለች። መብራቷ ከጠፋች እኔው መጣሁ ማለት ነው ብላለች። ድርጅቱ ራሱ መኪና ሰጥቶ ይልካታል። ማንንም አልዋሸሁ፣ ማንንም አልሰረቅሁ፤ ለሁለት ሰዓት ብቻ። እሷ ከመጣች በኋላ መልሼ እሰካታለሁ። ነገሩን እንዲህ አድርጌ ለራሴ አሳመርኩት።

ዘበኛው ወርቁ ከበሩ ውጭ ቆሞ የሚያልፈውን መኪና ይቆጥራል። እኔ በጓሮ በኩል ገባሁ። ሳጥኑን ስከፍት ሃያ አምስት ቁጥር እንደዚያ ስትርገበገብ አይቻት አላውቅም፤ ያለ ዕረፍት ትፍለቀለቃለች። ማንም ሥራ ባልገባበት ሰዓት ምን አስቸኮላት አላልኩም። የወልድያን ጭንቅ ነው ያየሁባት፣ ጭራሽ ልቤ ተነሣ። ቢስሚላህ ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ለእንዲህ ያለ ሥራ ይባል አይባል አላወቅኩም። የክሩን ምላስ ጫን፣ ሽቦዋን ወደ ታች፣ ጎተት። እጄ ላይ ስትወጣ ሞቃለች፤ ዶሮ አሁን የጣለችው እንቁላል ነው የምትመስለው። ሉብና እንዳስተማረችኝ አፏን በጎማዋ ክዳን ዘጋሁ፣ የክሩንም ጫፍ ዘጋሁ። ሞጁሏን መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኳትና ሳጥኑን ቆለፍኩ። መብራቷ ጠፍታለች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መዝጋቢዋ ሱመያ መጣች። በረንዳው ቀድሞ ሞልቷል። የሁሉም ስም ወልድያ ባለው መዝገብ ላይ ነው ያለው፤ ሱመያ ጣታቸውን አስነክታ ከወልድያ መልስ ስትቀበል ነው ስንዴ የሚሰፈርላቸው። ኮምፒዩተሩን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች። በመስታወቱ ሳጥኑን አየት አደረገች። ከዚያ በሩ ላይ ወጥታ ያንን ሁላችንም የምናውቀውን ቃል ተናገረች።

«ሲስተም የለም።»

«የት ሄዶ?» አለች አንዲት ሴት ደረጃው ላይ ተቀምጣ። ከሮቢት የመጣች ናት፣ ቡርቱካን ትባላለች፤ ሁለት ልጆች በአንድ ጋቢ ጠቅልላ ይዛለች። «እኛ በእግራችን ከሮቢት መጥተናል። እሱ ከወልድያ መምጣት አቅቶት ነው?»

ሰዉ ሳቀ። ሱመያም ሳቀች። «መስመር ተቆርጦ ነው እህቴ፣ ታገሡ።»

«እኛማ መታገሥ ለምደናል። ለነዚህ ንገሪያቸው» አለችና ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ልጆቹን አሳየቻት።

እኔ በሩ ጥግ ቆሜያለሁ። መቀነቴ ውስጥ ያለችው ብረት ሆዴ ላይ ትጫነኛለች። ገብቼ የነበረኝን ቂጣ አወጣሁ፣ ለልጆቹ ሻይ አፈላሁ። ቡርቱካን «አላህ ይስጥዎት እማማ፣ እንደ አንቱ ያለውን አያሳጣን» አለችኝ። ያን ምርቃት አሜን ማለት አቃተኝ፤ ሻይ የፈሰሰ አስመስዬ ዞር አልኩ።

ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሆነ። ከሰሜን በኩል የሚመጣውን መኪና ሁሉ አያለሁ። ዝናቡ ያባራል፣ ይመለሳል። ከሰልፉ አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ ወደ ደሴ መንገድ ቀጠለ፤ ስንዴውን ትቶ። ሁለት ሽማግሎች ሲሄዱ በዓይኔ ሸኘኋቸው። አምስት ሰዓት ላይ ተነሥቼ ወደ ሳጥኑ ሄድኩ። መልሼ ልሰካት ቁልፉን ያዝኩ። ሱመያ ክፍሉ ውስጥ ናት።

«ምን ፈልገው ነው እማማ ከድጃ?»

«አቧራ።»

«ዛሬ ይለፈው አቧራው። ይቀመጡ፣ ፊትዎ ልክ አይደለም።»

ተቀመጥኩ። አሁን ትደርሳለች፣ አሁን ትደርሳለች፣ አሁን መንገድ ላይ ናት እያልኩ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አንድ ሞተር ሳይክል ጭቃ በጭቃ ሆኖ ግቢው በር ላይ ቆመ። የድርጅቱ ሞተር ነው፣ አውቀዋለሁ። ዘልዬ ወጣሁ። የሚነዳው ጁነይድ ነው፣ ከሉብና ጋር የሚሠራው ልጅ። ከኋላው ሚስቱ ናጅዋ ተቀምጣለች፤ በመካከላቸው በላስቲክና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሕፃን አለ። ከነሱ ኋላ መንገዱ ባዶ ነው።

«ሉብናስ?» አልኩ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠሁም።

«ደህና ናት እማማ፣ ሰላም ብላዎታለች።» ከሞተሩ ወረደ። «ተራው የሷ ነበር። መስመሩ ሲጠፋ 'መርሳ ሂጂ' ተባለች። ያለው አንድ ሞተር ነው። እሷ ግን ናጅዋን አየችና ቁልፉን ለኔ ወረወረችልኝ። 'አንተ ሂድ፣ የሃያ ቀን ሕፃን ይዘህ እዚህ ምን ትሠራለህ' ብላ። አላህ ዕድሜዋን ያርዝመው። እኔ አልሄድም ብዬ ተከራክሬያት ነበር፣ ናጅዋ ትመስክር።»

ናጅዋ አልመሰከረችም፤ ሕፃኑን ለኔ አቀበለችኝና በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሕፃኑን ይዤ ቆምኩ። የሰው ልጅ አውጥቼ የራሴን አስቀርቻለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ስለ ሕፃኑ። ወላሂ አልመጣልኝም።

«ታዲያ እሷ ለምን አልወጣችም? እግር የላትም?»

ጁነይድ ድምፁን ቀነስ አደረገ። «ለሰው እንዳትናገሩ ተብለን ነው እንጂ ልንወጣ ትናንት ወስነን ነበር። መዝገቡን በሙሉ፣ ስሙን፣ ፎቶውን፣ አሻራውን፣ እዚህ መርሳ ያለው ኮምፒዩተር ላይ እየገለበጥነው ነበር። ትናንት ከሰዓት ነው የጀመርነው፤ እኔና እሷ እየተፈራረቅን ለጀነሬተሩ ናፍጣ ስንሞላ አደርን። ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ ያልቅ ነበር። ሲያልቅ ዘግተን፣ ሁላችንም በአንድ መኪና ልንመጣ። አንድ ሰዓት ሲሆን መስመሩ ቀጥ አለ።»

«ከቀረበት አይቀጥልም?»

«አይቀጥልም እማማ። ከተቆረጠ ከሀ ነው የሚጀምረው። መኪናው እስከ ሦስት ሰዓት ጠብቆ ሌሎቹን ይዞ ሄደ፤ ናጅዋ ያለ አንተ አልሄድም ብላኝ ቀረች።»

«በዚያች በትንሿ ነገር፣ በፍላሽ፣ ይዛው አትመጣም?»

«ተከልክሏል። የዚህ ሁሉ ተፈናቃይ ስም መንገድ ላይ በማን እጅ እንደሚወድቅ አይታወቅማ።»

ያ ስትፍለቀለቅ ያየኋት መብራት እንግዲህ ይህን ነበር የምትሸከመው። ልጄ ልትመጣልኝ አንድ ሰዓት ቀርቷት ነበር።

ጁነይድ ገብቶ ከወልድያ በያዘው ቁልፍ ሳጥኑን ከፈተ። ሃያ አምስት ቁጥር ባዶ ቀዳዳ ናት፣ ቢጫው ክር ተንጠልጥሏል። ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ ደሙ ወደ ፊቱ ወጣ።

«ሱመያ! ይህን ሳጥን ማን ከፈተው?»

«ማንም። እኔ አልነካሁትም። ቁልፉ ወርቁ ጋ ነው።»

«ወርቁ!»

ወርቁ ከነዱላው ገባ። ጁነይድ ክሩን አንሥቶ አሳየው።

«ሞጁሏን ማን ወሰዳት? እዚህ ግቢ የምታድረው አንተ ነህ።»

«ምኑን?» አለ ወርቁ። «ጌታዬ፣ እኔ እሱን ነገር ስሙንም አላውቀው። ምን ላደርገው? ልበላው?»

«እሱን ለኔ ሳይሆን ለፖሊስ ትነግራለህ። አየህ፣ ዘንድሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲጠፋ ስርቆት ብቻ አይባልም። መስመር ሆን ብሎ ቆረጠ ነው የሚባለው። ለማን ብለህ ነው ትባላለህ።»

ወርቁ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ያለፈው ዓመት ወንድሙ በእንዲህ ያለ ወሬ ሦስት ወር ታስሯል፣ ሁላችንም እናውቃለን። ወደ በሩ አየ። በሩ ላይ ቡርቱካንና ሰልፉ በሙሉ አንገታቸውን አስገብተው ያያሉ። ወርቁ አንዴ እኔን አየኝ፤ ጠርጥሮኝ አይደለም፣ «እትዬ ከድጃ፣ አንቱ ንገሯቸው እንጂ» የሚል ዓይን ነው።

ሕፃኑን ለሱመያ አቀበልኳት። መቀነቴን ፈታሁ። ብረቷን በመዳፌ አድርጌ ለጁነይድ ዘረጋሁለት።

«እኔ ነኝ። ወርቁን ተወው።»

ጁነይድ ሞጁሏን አይቶ እኔን አየኝ። «ለምን?»

«ከጠፋች ትመጣለች ብዬ።»

ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ጁነይድ ዓይኑን ጨፍኖ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ያልተቆጣኝ በድካሙ ይመስለኛል፤ ለቁጣ ጉልበት አልነበረውም።

ቡርቱካን ናት ከበሩ የተናገረችው። «ያ ሲስተም የሚሉት አንቱ ኖረዋል?»

የሳቀ የለም። «እኔ ነኝ ልጄ» አልኳት። «አውፍ በይኝ።» ቡርቱካን አፏ የመጣውን መልሳ ዋጠችና «ሻይዎትን ጠጥቻለሁ፣ ምን ልበል እንግዲህ» ብላ ወደ ደረጃዋ ተመለሰች።

ወርቁ ሲወጣ ቆም አለ። «ለኔ ቢነግሩኝ እኮ እትዬ ከድጃ፣ አብሬ እነቅልልዎት ነበር። እስር ቤት ግን ብቻዬን ባልገባሁ።» ቀልዶ ዱላውን አንሥቶ ወደ በሩ ተመለሰ።

ጁነይድ የክሩን ጫፍ በአልኮል ጠርጎ ሞጁሏን ሰካት። ሁለት ሦስት ትንፋሽ ያህል ጨለማ ሆነች፣ ከዚያ አረንጓዴ በራች። ሱመያ «መጣ!» ብላ ጮኸች፤ በረንዳው ላይ እልል አሉ። ወዲያው የጠረጴዛው ስልክ ጠራ። እሱ ስልክ የሚሠራው በዚያው በክሩ ነው፣ ከወልድያ ቢሮ ሌላ የሚደውልበት የለም። ጁነይድ አነሣው። «አዎ… ደርሰናል… ናጅዋም ደህና ናት… ሞጁሏ ላልታ ነው» አለና ዓይኑን ከኔ ላይ አነሣ። ስልኩን አቀበለኝ።

«እማ? ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። አንቺስ?»

«አልሐምዱሊላህ። ድምፅዎ ምን ሆነ?»

«ጉንፋን ነው። መቼ ትመጫለሽ?»

«እንግዲህ አሁን ደግሜ ጀመርኩት። ነገ ሲነጋ ያልቃል። ሲያልቅ እወጣለሁ።»

«ብቻሽን ነሽ?»

«የዚህ ቢሮ ዘበኛ አለ። ጀነሬተሩም አለ፣ እሱ ከወንዳወቅ ይበልጥ ይናገራል። እማ፣ ከአሁን በኋላ ሳጥኑን ማንም እንዳይነካው ይጠብቁልኝ። ባለፈው ዓመት እንደሆነው አይሆንም፣ እሺ?»

«እሺ» አልኳት። ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብነግራት ያንን ሌሊት በንዴት ታሳልፈዋለች፣ አንድ ሞኝ ነገር ታደርጋለች ብዬ ፈራሁ። ወይም ስለ ራሴ ፈራሁ። የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቀው።

ያን ቀን ሱመያ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ስንዴ አሰፈረች። ለይላ ከሪያድ ደወለች፤ «ሥራ ላይ ናት» አልኳት። ሌሊቱን አላወራም። ጁነይድ ሳጥኑ ሥር ፍራሽ አንጥፎ ተኛ፣ እኔ ወንበር ላይ ነበርኩ።

ማክሰኞ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ጁነይድ ኮምፒዩተሩን አየና «አልቋል» አለ። ወዲያው ሃያ አምስት ቁጥር ጠፋች። ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ምንም አይደለም እማማ። እሷ ናት ያጠፋችው። ዘግታ ወጣች ማለት ነው።»

ዘግታ ወጣች። ከዚያ በኋላ የሚያይልኝ መብራት የለም፤ መንገዱን ራሱን ማየት ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሦስት፣ አምስት። መኪና ካገኘች አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ዙህርን ሰገድኩ፣ ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ ጠፋኝና ደገምኩት። አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር «ወልድያ አፋፍ ላይ ከባድ መሣሪያ ይሰማል» አለ፣ ሌላው «ምንም የለም፣ ሰላም ነው» አለ። ሁለቱንም አመንኳቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሲሪንቃ የመጣ አይሱዙ ቆሞ ሉብናን አወረዳት። አወቅኳት። ከሩቁ፣ ገና እግሯ መሬት ሳይነካ አወቅኳት፣ በስሟ ጮህኩ። ከወልድያ መኪና አጥታ መንገዱ መሃል እስካለችው ሲሪንቃ በእግሯ ነው የመጣችው። ጫማዋ ከእግሯ አልወልቅ ብሎ ማሰሪያውን በቢላ ቆረጥኩት። ተረከዟ ተልጧል። ውሃ አሙቄ ጨው ጨመርኩና እግሯን በሳፋ ውስጥ አስቀመጥኩት።

«ሞጁል ዝም ብሎ አይላላም እማ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

እጄ ውሃው ውስጥ ቆመ።

«ስዊቹ የሆነበትን ሁሉ ይጽፋል። ወልድያ ሆኜ አነበብኩት። ሰኞ አንድ ሰዓት ከአምስት፣ 'ተነቅሏል' ይላል፣ 'ጠፍቷል' አይልም። የትርፉ ቁልፍ ያለው ደግሞ አንቱ ጋ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«በስልክ 'ጉንፋን ነው' ሲሉኝ እያነበብኩት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጣሽኝም?»

«ብቆጣ ሌሊቱን እንዴት ሊያድሩ?» እግሯን ውሃው ውስጥ አንቀሳቀሰችና ፊቷን አኮሳተረች። «ሊያልቅ አንድ ሰዓት ቀርቶት ነበር እማ።»

«ነግረሽኝ ቢሆን…»

«አዎ። ብነግርዎት ሲጨነቁ ያድራሉ ብዬ ነው ያልነገርኩዎት።»

«ሳትነግሪኝስ ምን የተኛሁ መሰለሽ?»

ሳቀች መሰለኝ፤ በአፍንጫዋ ትንሽ ተነፈሰች። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች። «ቁልፉን ይስጡኝ።» ሰጠኋት። ኪሷ ከተተችው። ስትቀበለኝ ቀና ብላ አላየችኝም፣ ያ ነው የቆረጠኝ።

«አሁን ደግሞ እኔ አንድ ነገር ልለምንዎት» አለች። «ባለፈው ዓመት ሰው ሁሉ ከመርሳ ሲወጣ አንቱ 'ቤቴን ትቼ' ብለው ቀሩ። እኔ ወልድያ ሆኜ አራት ወር ሙሉ ያሰብኩት እሱን ነው፤ ስለ ራሴ አይደለም። ዘንድሮም ይህ ነገር እዚህ ሊደርስ ይችላል። ነገ፣ ከነገ ወዲያ። 'ይነሱ' ስልዎት ይነሳሉ?»

«ቤቱን ለማን ጥዬ?»

«ይኸው።»

«ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው ልጄ፣ የት እደርሳለሁ?»

«እኔ ዕቃ ሳልነቅል፣ በአፌ ነው የምለምንዎት» አለች። ድምፅዋን አላነሣችም።

«ኢንሻአላህ።»

«አይ፣ እሺ ይበሉኝ።»

ሳፋውን አየሁ። ውሃው ቀልቷል። ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ እኔም እሷም እናውቃለን።

«እሺ» አልኩ።

ራሷን ወደ ኋላ ጥላ እዚያው ወንበር ላይ፣ እግሯ ውሃ ውስጥ እንዳለ ተኛች። እግሯን አድርቄ በንጹሕ ሻሽ ጠቀለልኩላት። ከዚያ ጓዳ ገብቼ የዩኒቨርሲቲ ሻንጣዋን አወረድኩና ከፈትኩት። የቤቱን ካርታ ጨመርኩ፣ መስገጃዬን ጨመርኩ፣ አወጣሁ፣ መልሼ ጨመርኩ። እኔ ከዚህ ቤት ሸሽቼ አላውቅም፤ ሰው ሲሸሽ ምን ይዞ እንደሚወጣ አላውቅም። በረንዳው ላይ ቡርቱካን ስንዴዋን ተደግፋ ልጆቿን ታስተኛለች። ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና እሷን ጠየቅኋት።

ቀና ብላ እግሬን አየች። «መጀመሪያ ደህና ጫማ» አለች። «ሌላውን መንገድ ላይ ይጥሉታል።»